ድንኳን ተካዩ ባሻ

ባለፈው ሳምንት ዝናቡ ጋብ ሲል የእድራችንን ድንኳን አውጥተው በግቢዬ አጥር ላይ አሰጡት። ፀሐይ ሲያገኘው የእርጥብ ሸራ ሽታ፣ ጭቃም ጭስም ያለበት ያ የድሮ ሽታ፣ ደጃፌ ላይ ቁጭ ባልኩበት መጣብኝ። ገና በቅጡ ሳላሸተው ከወደ መናኸሪያው አንድ ነገር ጧ አለ። የባጃጅ ጎማ ፈንድቶ ኖሯል። እኔ ግን ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ መሬት ላይ ተኝቻለሁ። የልጅ ልጄ ከቤት ሮጣ ወጥታ «እማዬ፣ ወደቅሽ እንዴ?» አለችኝ። አልወደቅሁም፣ ተኛሁ እንጂ። አስቀድሞ መተኛት ነው፣ መጠየቅ ኋላ ይደርሳል እያሉ የሰፈሩን ሰው ያስተማሩት ያን ድንኳን ዕድሜ ልካቸውን ሲተክሉና ሲነቅሉ የኖሩት ባሻ ክፍሌ ናቸው። አቧራዬን አራግፌ በርጩማዬ ላይ ብመለስም ልቤ ግን ወደ ቦታው አልተመለሰም። ቀኑን ሙሉ እሳቸውን ሳስብ ዋልኩ።

አሁን አሁን በማርቆስ ሁላችንም በጆሯችን ነው የምንኖረው። ስልኩ ይጠፋል፤ መንገዱ ደጀን ላይ ተዘጋ ይባላል፤ ደምበጫ ገበያ የሄደ ሰው እስከ ማታ ካልተመለሰ ቤተሰቡ እህል አይቀምስም። ልጆቹ ይህ ፍርሃት ከእነሱ ጋር የተወለደ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ቀደም ብዬ አውቀዋለሁ። መልኩን ይለውጣል እንጂ ያው ነው።

ባሻን መጀመሪያ ያየኋቸው ያኛው ወታደራዊ መንግሥት ወድቆ ሠራዊቱ የተበተነ ጊዜ ነው፤ ክረምቱ ሊገባ ሲል። እኔ ያኔ አዲስ ተጋቢ ነበርኩ። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ አሁን ያ መስታወታም ፎቅ የቆመበት ጥግ ላይ፣ በረንዳ ተከራይቼ በእግር መኪና ልብስ እሰፋ ነበር። ሻይ በስሙኒ ነው፤ ስኳር ግን በወረፋ። ወንዱ ቴትረን ሱሪውን ከታች አስፍቶ ያሰፋል፤ ገንዘብ ያላት ሴት የሻማ ጨርቅ ቀሚስ ታሰፋለች፤ የሌላት አቡጀዲ ትገዛና «እንደ ሻማ አድርጊልኝ» ትለኛለች። ፊት ለፊቴ ያለው ሻይ ቤት ሬዲዮኑን ከጠዋት እስከ ማታ ያስጮሃል፤ የባትሪ ድንጋዩ ሲያልቅበት አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣውና ማታ ደግሞ ይከተዋል። በዚያ ሰሞን ግን ሬዲዮኑ ዘፈን አቁሞ ነበር። መንገዱን ከሰሜን የሚመጡ ወታደሮች ሞሉት። እግራቸውን በጨርቅ የጠቀለሉ፣ ከንፈራቸው የተሰነጠቀ፣ ገሚሱ ጠመንጃውን በዳቦ የሚለውጥ። ሰዉ ያዝንላቸዋል፤ ይፈራቸዋልም። ባቄላ ቀቅሎ ደጅ ላይ ያስቀምጥና በሩን ይዘጋል።

እኔም በሬን ዘግቼ ብቻዬን ነበርኩ። ባለቤቴ አያሌው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር ከሄደ ቀናት አልፈውታል፤ የት እንዳለ አላውቅም። በሩ ተንኳኳ። አልከፈትኩም። ደግሞ ተንኳኳና ከወዲያ ማዶ የሌላ አገር ቃና ያለበት ድምፅ፣ «እታለም፣ መሣሪያ የለኝም። ውሃ ብቻ ነው» አለ። በቀዳዳው ሳይ አንድ ረጅም ሰው ካፖርቱን በሁለት እጁ ከፍቶ ቆሟል፤ ምንም አለመያዙን ሊያሳየኝ። ከፈትኩ። ጣሳውን ስሰጥ ግማሹን ደረታቸው ላይ ደፋሁት። እሳቸው የቀረውን ጠጥተው ከደጁ ሳያልፉ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ማታ አያሌው በደህና ሲመጣ እዚያው አገኛቸው። ከኋላ ያለችውን ትንሽ ክፍል ለአንድ ሌሊት ሰጣቸው። ለአንድ ሌሊት የገቡት ሰው ዕድሜያቸውን እዚያች ክፍል ውስጥ ጨረሱ።

ስማቸው ክፍሎም ነው። የማርቆስ ሰው ክፍሌ ብሎ አስቀረው፤ እሳቸውም አልተቃወሙም። የተወለዱት ከረን ነው። ልጅ ሆነው ተቀጥረው በጦሩ ውስጥ ፈንጂ የሚቀብርና የሚያነሳ ክፍል ውስጥ አገልግለዋል፤ ግራ እጃቸው ላይ ሁለት ጣት የላቸውም ነበር። አገራቸው ለብቻው አገር ሲሆን መመለስ አልቻሉም። እዚያ ያሸነፉት እሳቸው ሲዋጓቸው የኖሩት ሰዎች ናቸው። አንድ ቀን አያሌው ለምን እንደማይሞክሩ ሲጠይቃቸው፣ እዚያ የዚህ ወታደር ነኝ፣ እዚህ የዚያ ሰው ነኝ፣ ታዲያ ወዴት ልሂድ አሉት። ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቃቸውም።

ለእንጀራቸው የእህል መጋዘን ይጠብቁ ነበር። የቀረው ጊዜያቸው የሰፈሩ ነው። ባጃጅ የሚባል ነገር ገና ባልመጣበት ዘመን ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ሆስፒታል የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። ክረምት ሲገባ የጎርፉን ቦይ ማንም ሳያዛቸው ይጠርጋሉ። ሰው የሞተ እንደሆነ ደግሞ ገና ለቅሶው ሳይሰማ ድንኳኑን ተሸክመው ይደርሳሉ። ድንኳኑ ሲቀደድ እኔ ጋ ያመጡትና እሳቸው ሸራውን ወጥረው ይዘው እኔ በወፍራም ክር እሰፋለሁ። ካስማ ሲመቱ በቋንቋቸው አንድ ዜማ ያንጎራጉራሉ፤ መሀል ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ያቋርጡታል። እንደሚባለው ዘመድ የሌለው ሰው እድር ይፈልጋል፤ እኔም መጀመሪያ ለራሳቸው ቀብር አስበው ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ስንሰፋ እንዲህ አሉኝ፦

«እታለም፣ እኛ በረሃ ውስጥ የቀበርናቸው ልጆች ድንኳን አልተጣለላቸውም። ድንጋይ እንኳ በቅጡ አልጫንንባቸውም። እኔ ድንኳን በተከልሁ ቁጥር ላንዱ እተክልለታለሁ።»

ዓመታት አለፉ። ልጄ ትዕግሥት ተወልዳ «አባባ ባሻ» እያለች በጀርባቸው ላይ አደገች። ከዚያ ያ ጦርነት መጣ፤ ከእሳቸው አገር ጋር የተደረገው። ሬዲዮኑ የጦር ዘፈን ጀመረ። እኔ እስከዚያ ድረስ የሰፈሬን ሰው በሙሉ አውቃለሁ ብዬ አምን ነበር። ያን ሰሞን ግን ባሻ ሻይ ቤት ሲገቡ ወሬ ይቋረጣል። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሾፌሮች የዚያን አገር ሰው ከቤቱ እየወሰዱ በአውቶቡስ ወደ ድንበር እንደሚልኩት ያወሩ ጀመር። ሚስት እዚህ ቀርታ ባል ይሄዳል፤ እናት ቀርታ ልጅ ይሄዳል። ባሻ ይህን ሰምተው ጫማቸውን አስረው መተኛት ጀመሩ። በራቸው አጠገብ ሳልፍ ባልጋው ግርጌ ሁለት ጫማ ወጥቶ አያለሁ። መኪና በደጃችን ቀስ ሲል እሳቸው ከውስጥ ይነሳሉ፤ እኔ መርፌዬን አቆማለሁ፤ መኪናው ሲያልፍ ሁለታችንም ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ስለዚህ ነገር ግን አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

አንድ ሐሙስ ዕለት የቀበሌ ተላላኪ መጣ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ልጁን ክርስትና ሲያስነሳ ድንኳኑን የተከሉለት ባሻ ናቸው። ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ፣ «ባሻ፣ ቅዳሜ ጠዋት ቀርበው ይታዩ ተብሏል። ትንሽ ልብስም ይያዙ» አለ። ባሻ እሺ አሉት። እኔ ግን «ትንሽ ልብስ» የሚለውን ቃል ስሰማ ግድግዳውን ያዝኩ። ማታ ካኪ ሱሪያቸውን አጥበው ከፍራሻቸው ስር ዘርግተው ተኙበት፤ መተኮሳቸው ነው።

በማግስቱ አርብ ግን እንደ ሌላው ቀን አካፋቸውን ይዘው ወጡ። ከየኔታ ጎሹ ጉባኤ ቤት በታች፣ ወደ ውትርን ወንዝ በሚወርደው ተዳፋት ላይ፣ እድሩ ምንጭ እያጎለበተ ነበር። ሥራውን ያስጀመሩት ባሻ ናቸው፤ የቆሎ ተማሪዎቹ ውሃ ለመቅዳት ገደል ሲወርዱ አይተው። ሳልጨርሰው ብሄድ ይቆጨኛል አሉኝ። እኔ ለቆፋሪዎቹ ቆሎና ጠላ ተሸክሜ ተከተልኩ። ረፋዱ ላይ የአንዱ ሰው ዶማ ብረት መታ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ጭቃውን በእጁ ሊጠርግ ሲል ባሻ «ተኛ!» ብለው ጮኹ። እንዲያ ሲጮኹ ሰምተን አናውቅም። የደነገጠውም የገባውም ያልገባውም ተኛ። እኔም እንስራውን ጥዬ ጭቃው ላይ ተደፋሁ። ከዚያ ቀስ ብለው ዶማ የያዘውን ሰው በለሰለሰ ድምፅ፣ እግርህን በረገጥክበት እያደረግህ ወደኋላ ውጣ አሉት። ሰውየው ሲወጣ ሱሪው ርሶ ነበር፤ ማንም አልሳቀበትም።

የጣሊያን ጊዜ ነው አሉ። ዝጎ መሬት መስሎ የተቀበረ ትልቅ የመድፍ ጥይት ነው። ባሻ ምንም አልነኩትም። ዙሪያውን በገመድ አጠሩት፤ ሰው ወደ መንግሥት አስላኩ፤ የቆሎ ተማሪዎቹን ከጎጇቸው አስወጥተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሰደዷቸው። ከጦር ሰፈር ባለሙያ እስኪመጣ ቀን እንደሚፈጅ፣ ዝናቡም መንገዱን እንደቆረጠው ተነገረን። የገጠሩ ሰው በዚያ ተዳፋት ነው ከብቱን ወደ ውሃ የሚነዳው። ስለዚህ ባሻ ከገመዱ አጠገብ ከትልቁ ድንጋይ ኋላ ተቀመጡና ጥበቃ ያዙ።

አንድ ሰው ብቻ አልወጣም አለ። የኔታ ጎሹ። ዓይነ ስውር፣ ሸምግለው ያለቁ የቅኔ መምህር ናቸው። ተማሪዎቹ ለምነው አቃታቸው። እኔ እጃቸውን ይዤ ላስወጣ ስሞክር ወደ ላይ ሳይሆን በድምፅ እየተመሩ ወደ ባሻ ወረዱ። ሲደርሱ፣ «አንተ ወታደር፣ ትፈራለህ?» አሏቸው።

«አዎ፣ የኔታ። እርስዎ ይውጡ።»

«ብቻህን ከምትፈራ ሁለት ሆነን እንፍራ» አሉና ከድንጋዩ ኋላ ካጠገባቸው ተቀመጡ።

ባሻ የኔታን እንዲወጡ የለመኑት ልመና ከሩቅ ይሰማኝ ነበር። አልሆነም። እንዲያው ሁለቱ በአንድ ካፖርት ተሸፍነው ዝናቡን ጠጡት። ከብት የሚነዳ ሰው በመጣ ቁጥር ባሻ ቆመው ይመልሱታል። እኔ ምግብ እስከ ገመዱ አደርሳለሁ። በወረድኩ ቁጥር እግሬ የሚረግጠው መሬት ሁሉ ከስሩ ብረት ያለበት ይመስለኛል። ቤት ስገባ ትዕግሥትን አቅፌ እቀመጥና፣ ድምፁ መቼ ይሆን የሚመጣው እያልኩ እጠብቃለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ባሻ ቀበሌ አልቀረቡም። ስለዚህ መኪና መጣ። ሁለት ሰዎች ወርደው ከተዳፋቱ አናት ላይ ቆሙ፤ ወደ ታች መውረድ ግን አልቻሉም። የሰፈሩ ሰው ከኋላቸው ተሰበሰበ። አንደኛው፣ «ሰውዬ፣ ይውጡ!» ብሎ ተጣራ። ባሻ ቆመው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ አልሸሽም። እዚህ ቦታ ቆሞ የሚጠብቅ አንድ ሰው ስጡኝና አሁኑኑ እወጣለሁ» አሉት። ሰውየው ወደ ጓደኛው አየ። ጓደኛው ወደ መኪናው አየ። ወደ እኛም ዞረው አዩ። እኔም እንደ ሌላው አንገቴን ደፋሁ፤ ያን ቦታ ተቀብሎ የሚቀመጥ ወኔ ከማናችንም ዘንድ አልነበረም። መኪናው እዚያው ቆሞ ዋለ። የሚያስፈራው ከላይ ይሁን ከታች መለየት አቅቶኝ ቀኑ መሸ።

ባለሙያዎቹ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደረሱ። ሰዉን አርቀው፣ የኔታንም ተሸክመው አውጥተው፣ ጥይቱን በቦታው አፈነዱት። የቤቴ ቆርቆሮ ሲንቀጠቀጥ ትዕግሥት ጡቴ ስር ገብታ ጮኸች። ከዚያ ጸጥ አለ። ሰው አልሞተም፤ ከብትም አልተጎዳም። ሰዉ እልል ሲል እኔ ወደ ደጁ ሮጥኩ። ባሻ ጭቃ ለብሰው እየመጡ ነው፤ መኪናውም ቀስ እያለ ከኋላቸው ይከተላል። እግራቸውን ታጠቡ፣ ካኪ ሱሪያቸውን ለበሱ፣ ቦርሳቸውን አነሱ። ሹራብ አለበስኳቸው። ስፌቱን ገና አልጨረስኩትም ነበር፤ አንዱ እጅጌ ክሩ ተንጠልጥሏል። «አታልቅሺ፣ ልጅቱ ትደነግጣለች» አሉኝ። መኪናው ላይ ወጥተው በሩ ሊዘጋ ሲል ደግሞ ብቅ ብለው፣ «ድንኳኑን እርጥቡን አትጠቅልሉት፣ ይበሰብሳል» አሉ።

ወዴት እንደወሰዷቸው የነገረን አያሌው ነው። ጭነት ይዞ ሲመለስ ደጀን ላይ፣ ከዓባይ በረሃ አናት፣ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ከሌሎች ሰዎች ጋር አውቶቡስ ሲጠብቁ አያቸው። የተንጠለጠለው ክር ነው ያሳወቀኝ አለ። በማግስቱ ከእድሩ ሦስት ሽማግሌዎች ተነሱ፤ የኔታም ካልወሰዳችሁኝ ብለው የአያሌው መኪና ላይ ወጡ። እኔ ቤት ቀርቼ አውቶቡሱ ቀድሟቸው ይሆን እያልኩ እጠብቅ ነበር። በኋላ አያሌው እንዳጫወተኝ፣ እዚያ ያለው ኃላፊ ሽማግሌዎቹን በትሕትና አስቀምጦ፣ ትእዛዝ ነው፣ ምን ላድርግ አባቶቼ፣ ደግሞስ ሰው ባገሩ አይደል ሰው የሚሆነው አላቸው። የኔታ ይህን ሲሰሙ ወደ ድምፁ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሰው ባገሩ ሰው ነው ይላሉ። እኔ የፊደል ሰው ነኝና ‹ባ›ን ፍቄ ‹አ›ን ላግባባት፤ ሰው አገሩ ሰው ነው። የዚህ ሰው አገሩ እኛ ነን። ከሰደድከው አገሩን አብረህ ስደድ።»

ኃላፊው፣ ማን ዋስ ይሆናል ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ አንድ ላይ ተነሱ። የኔታም አጠገባቸው ያለውን ሰው ትከሻ ይዘው ተነሱ። ባሻ በአያሌው መኪና ላይ፣ በጨው ጆንያ መሀል ተቀምጠው ተመለሱ። ከመኪናው ሲወርዱ መጀመሪያ የጠየቁኝ ድንኳኑ መድረቁን ነው።

ተመለሱ እንጂ አልዳኑም። ከዚያ በኋላ በኖሩባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ጦርነቱ አብቅቶ፣ ሰላም ሆነ ተብሎ፣ ሰው ከዚያ አገር መጥቶ እንኳ በቴሌቪዥን እየታየ፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ ነው የተኙት። ምንጩን ጨረሱት። ውሃው እስከ ዛሬ ይቀዳል። የአያሌውን ድንኳን ተከሉ፤ የየኔታንም ተከሉ። ጉልበታቸው ሲከዳቸው ካስማውን ወጣቶቹ ይመቱታል፣ እሳቸው በከዘራ ቦታውን ያሳያሉ። ከረን ያለች እህታቸው ሞተች ብሎ አንድ መንገደኛ ሲነግራቸው የራሳቸውን ለቅሶ ለማንም ሳይናገሩ በክፍላቸው ውስጥ ተቀመጡ። ያን ቀን ገብቼ አብሬያቸው ዋልኩ።

ያረፉት በዚህ አሁን ባለንበት ጊዜ ነው። ሳንባቸው ታሞ አልጋ ላይ ከርመው፣ አንድ ማለዳ ስገባ ቀዝቅዘው አገኘኋቸው። ያን ዕለት ከተማዋ ተዘግታለች። ከሌሊቱ ጀምሮ ተኩስ ነበር፤ ሱቅ አልተከፈተም፤ ባጃጅ የለም። ድንኳን ተክሎ ሰው መሰብሰብ የሚታሰብ አልሆነም። ወንድ ልጅ፣ በተለይ ወጣቱ፣ በመንገድ ላይ ከታየ አንዱ ወይ ሌላው ይጠረጥረዋል። የእድሩ ወንዶች በአጥር ላይ ሆነው ምን እናድርግ ይላሉ። ሬሳ ደግሞ አያድርም። አንዲት ጎረቤቴ ባንቺአምላክ የምትባል መጀመሪያ ተናገረች፤ እኛ እንሸከማቸዋ አለች። ሴት ቃሬዛ ተሸክማ ስትሄድ በማርቆስ አይቼ አላውቅም። ልጄ ትዕግሥት የቃሬዛውን አንዱን እግር ያዘች። እኔም በዚህ ዕድሜዬ አንዱን ያዝኩ። ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ አንድ ቄስ ከፊት፣ ሌሎቹ ሴቶች ለመቀያየር ከኋላ፣ ባዶውን መንገድ ጀመርነው። ለቅሶ ማሰማት እንኳ ፈራን። የሚሰማው የእግራችን ድምፅና የቄሱ ጸሎት ነበር።

ከቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ላይ መሣሪያ የያዙ ልጆች አስቆሙን። የማን እንደሆኑ ለማወቅ ቀና ብዬ አላየሁም። አንዱ ቀርቦ ቃሬዛውን አውርዱት፣ ክፈቱት አለ። አወረድነው። ሌላ ነገር የተሸከምን መስሎታል። ገመዱን የፈታሁት እኔ ነኝ። የጠመንጃው አፈሙዝ ከጆሮዬ አጠገብ ነው። ፊታቸውን ገለጥኩ። ልጁ አየና፣ «አገራቸው የት ነው?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ያን ያህል ዘመን ስፈራው ኖሬያለሁ። ትዕግሥት ልትመልስ ስትል እጇን ያዝኳት።

«እዚህ ነው፣ ልጄ» አልኩት። እንዲሰማ አድርጌ ደገምኩት። «እዚሁ ማርቆስ ነው። የሚቀብራቸው ዘመድ እኛ ነን። አሳልፈን።»

ልጁ ጎንበስ ብሎ ጨርቁን ራሱ መልሶ ፊታቸው ላይ ጣለና ወደ ኋላ ራቀ። አነሳናቸው። ጉድጓዱን የቆሎ ተማሪዎቹ ቆፍረው ጠበቁን፤ ፍትሐቱ ባጭሩ ተደረገ፤ አፈሩን ሴቶቹ በእጃችን መለስን። ስንመለስ ሁለት ሁለት ሆነን፣ አንዳችን ካንዳችን ተራርቀን ነው የሄድነው።

ቤት ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጫማዬን ማውለቅ አቃተኝ። ትዕግሥት ተንበርክካ እየፈታችልኝ ቀና ብላ አየችኝ።

«እማ፣ ፈርተሽ ነበር?» አለችኝ።

«አሁንም እፈራለሁ» አልኳት። «ግን ቀበርናቸው።»